ውሃ እንቢ ያለው ግቢ

ጥያቄውን የጻፍኩት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ አመሻሹ ላይ ጋብ አለ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ግቢዬን አየሁት። ኩሬ ሆኗል። ከሦስት ቀን በፊት የጣለው ራሱ ገና አልሰረገም። በሰኔ የተከልኳቸው ሦስት የወይራ ችግኞች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀምሯል። አንጀቴ አረረ። እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ስለ ግቢ ተክል የምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጻፍኩ።

ያልኩት ይህን ነው። ቤታችን ሰሚት አካባቢ ነው፤ መሬቱ ጥቁር አፈር። ግንባታው ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግቢው ውስጥ የአገር ተክል ብቻ እንዲኖር ስለፈለግኩ ወይራ፣ ኮሶ፣ የአበሻ ጽድ፣ ቀጋና ደማከሴ ተከልኩ። ክረምት ሲሆን ውሃ ያቁራል። በጋ ሲሆን ይሰነጠቅና ስንጥቁ እጄን ይውጣል። የአገር ተክል የአገሩን አፈር ያውቃል ብዬ ነበር። ታዲያ ለምን ይሞቱብኛል? ይህ መሬት ውሃ እንዲጠጣ ማድረግ ይቻላል? ወይስ አስቆርጬ ልጣለውና ሌላ አፈር ላስመጣ?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው ውይይት፣ ሦስት ወር ቆየ። ከዚያ ዝም ብሎ ከርሞ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደገና ተነሣ። እስካሁን 34 መልስ አለው። እንደኔ ዓይነት ግቢ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ የተባባልነውን በተራ ላስቀምጠው።

1ኛው መልስ የመጣው በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። ጨዋ ሰው ነው። በመጀመሪያ ስለ ችግኞቹ አዘነልኝ። ቀጥሎ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ። ግንባታው ሲካሄድ ገልባጭ መኪና የሚቆመው የት ነበር? ሲሚንቶ የሚቦካውስ? አሸዋና ጠጠር የተከመረበት ቦታና ወይራዎቹ ያሉበት ቦታ አንድ ይሆን? ወጣሁና ቆሜ አሰብኩ። አንድ ነው።

2ኛው በልበ ሙሉነት ሁለት ሲኖ አሸዋ አስገልብጬ ከጥቁሩ አፈር ጋር እንዳደባልቅ መከረኝ። ሦስት ሰው ወዲያው አመሰገነው። እኔም ዋጋ መጠየቅ ጀምሬ ነበር። 3ኛዋ ባትደርስልኝ አደርገው ነበር። ግቢ በማስዋብ ሥራ የቆየች ሴት ናት። ሸክላነት ባለው አፈር ላይ ትንሽ አሸዋ ቢጨመር የአሸዋው ፍሬ ሸክላው ውስጥ ተቀብሮ እንደሚቀር፣ ሲደርቅም ጡብ እንደሚሆን አስረዳች። አሸዋ ለውጥ የሚያመጣው መጠኑ ከአፈሩ ሲበልጥ ነው። ያን ያህል አሸዋ ማን ይችላል? እግረ መንገዷን ሌላ የተለመደ ስሕተትም አነሣች። ጉድጓድ ሥር ጠጠር መደልደል ውሃውን አያወርደውም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚያልፈው ከላይ ያለው አፈር እስኪረሰርስ ጠግቦ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ሥሩን ይበልጥ ውሃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለወይራዎቼ ሁለት ሁለት ባልዲ ጠጠር ከሥር አድርጌላቸው ነበር።

እሷው ነች መለኪያውን ያስተማረችኝ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሪ። ውሃ ሙይው። እስኪሰርግ ጠብቂ። እንደገና ሙይውና በማስመሪያ በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ተመልከቺ። በሰዓት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ አብዛኛው ተክል ይኖርበታል። ከዚያ በታች ከሆነ አፈሩ እየታፈነ ነው ማለት ነው። ምክሯ ይህ ነበር። 1ኛው ሰውዬ ደግሞ ሁለተኛ ጨመረበት። ባለ 10 ፌሮ ይዤ በዝናብ ማግስት መሬቱ ላይ በእጄ ብቻ እንድጫነውና የት ላይ እንቢ እንደሚል ምልክት እንዳደርግበት ነገረኝ።

4ኛው ጀሶ መከረ። ውጭ አገር ገበሬዎች ጀሶ እየበተኑ ጠጣር አፈር እንደሚያለሰልሱ አንብቧል። ለዚህ መልስ የሰጡት 5ኛው፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ምርምር ያሳለፉ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጀሶ የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው። የደጋው ጥቁር አፈር ካልሲየም ስለማያንሰው ጀሶ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከዚያ ስለ አፈሩ ራሱ ጻፉ። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። አንዱ ዋልካ ይለዋል፣ አንዱ መረሬ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው በስንጥቁ ሰተት ብሎ ይገባል። አፈሩ ሲያብጥ ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚሰርገው በሰዓት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ገበሬው ሽምብራውንና ጓያውን ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራውም ለዚህ ነው። አፈሩ የቋጠረው ውሃ ዝናብ ባይኖርም ሰብሉን ያደርሰዋል። እንግዲህ ውሃ አላነሰውም። ያነሰው አየር ነው። ወይራዎቼ ታፍነው እየሞቱ ነው።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩ። ያለፈው ዓመት ሁለት ችግኞች ቢጫ ሲሆኑብኝ ውሃ ጠምቷቸው መስሎኝ መስከረምን ሙሉ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

6ኛው ተወልዶ ያደገው ሰሜን ሸዋ፣ ኢነዋሪ ነው። እዚያ መሬቱ ሜዳና ጥቁር ነው። ዘር ሲዘራ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፋ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራል። በመደቦቹ መሀል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይቀራል። ልጅ ሳለ ጥፍሩ ሥር የገባው ጭቃ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሲዘጋጅ እንኳ አይለቅም ነበር። እናቱ በእሾህ ነበር የምታወጣለት። ይህን ሲጽፍ ናፍቆቱ ያስታውቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሠሩ ይህን የእጅ ሥራ እንዳዩ ጋሼ ከሥሩ ጨመሩበት። የእሱ ምክር አጭር ነው። ጥቁር አፈር ላይ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ አይተከልም። ጉብታ ተሠርቶ ጉብታው ላይ ይተከላል።

7ኛው መልስ ስሜቴን ነካው። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባውም። ግቢውን ኮብል አልብሼ በማሰሮ አበባ ባስቀምጥ እንደሚሻለኝ ጻፈ። የአገር ዛፍ የምንለው ሁሉ የሰሞኑ ፋሽን እንደሆነም ጨመረበት። 8ኛዋ አልማረችውም። ስሌት አመጣች። የ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ውሃ ነው። 50 ጀሪካን። አዲስ አበባ ላይ በዓመት የሚጥለው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉም ግቢውን በድንጋይ ከደፈነ ይህ ውሃ የት ይሂድ? እሷ የምትኖረው ቁልቁል፣ ወንዝ ዳር ነው። በየክረምቱ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ደጃፏ ላይ ነው የሚያበቃው። ሐምሌ ላይ ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ እንዳደረች ጻፈች። 9ኛው ላይ ኮብል መካሪው ተመልሶ መጥቶ ስለ እሷ ቤት እንዳላወራ፣ ነገሩን ወደ ግል እንዳዞረችው ተናገረ። ቃላቱ ከረር አሉ። አስተባባሪው ገብቶ ሁለቱንም በጨዋ ቋንቋ አረጋጋ። እኔ ግን በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

10ኛው የራሴ ነው። በሳምንቱ ሁለት ቀን ሳይዘንብ ስላለፈ ለካሁ። ሁለት ጉድጓድ ቆፈርኩ። አንዱ ከፊት ለፊት፣ ወይራዎቹ አጠገብ። ሌላው በስተጀርባ ጥግ፣ የጎረቤት አሮጌ ግራር አጥር ተሻግሮ ጥላ የሚያደርግበት። እዚያ መኪናም ሠራተኛም ደርሶ አያውቅም። ከፊት ያለው ጉድጓድ የመጀመሪያውን ውሃ ለመጨረስ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ፈጀበት። ሁለተኛ ሞልቼው በሰዓት የወረደው 4 ሚሊ ሜትር ነው። የጥጉ ጉድጓድ በሰዓት 3 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ፌሮው ከፊት 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ብጫነው ጎበጠ እንጂ አልገባም። ጥጉ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ሰተት ብሎ ገባ።

አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር አፈር። ልዩነቱ የመጣው ከመኪናው ጎማ ነው።

በዚያው ቀን ከሦስቱ ወይራ አንዱን፣ ፈጽሞ የደረቀውን፣ ነቀልኩት። ያየሁትን ላሳያችሁ። የጉድጓዱ ጎን በአካፋ ተድጦ እንደተሟሸ ምጣድ ያብለጨልጫል። ሥሩ ከችግኝ ፌስታሉ ቅርጽ አልወጣም። ጎኑ ጋ ደርሶ ታጥፏል፣ ከዚያ ክብ እየሠራ ዞሯል። ጫፉ ጠቁሮ ይሸታል። የቆፈርኩለት ጉድጓድ ድስት ሆኖበታል። እርጥብ አፈር ላይ አካፋ ስለተጠቀምኩ የራሴ እጅ ነው ግድግዳውን የለሰነው።

11ኛው መሐንዲስ ነው። የእሱ መልስ ከሁሉ የከረረ ነው፣ ግን ልክ ነው። እስካሁን የመከራችኋት ሁሉ ቤቱን ረስታችሁታል አለ። ጥቁር አፈር ሲጠጣ ቤት ያነሣል፣ ሲደርቅ ያወርዳል። ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ በር አልዘጋ የሚለው ለዚህ ነው። መሠረት ሲወጣ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ገረጋንቲ የሚሞላውም ለዚህ ነው። ውሃ ወደ መሬት አስገቡ የሚል ምክር ሳይለኩ መስጠት ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ጻፈ። 3ኛዋ ቅር አላት። መሠረት ሥር አጠጪ ያለ ሰው እንደሌለ መለሰችለት። ያ 12ኛው ነው። 13ኛው ላይ ጋሼ አስታረቁ። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ። በቤቱ ዙሪያ ያለውን መሬት ወደ ውጭ ማዘንበል። የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ ወደ ሩቁ ጥግ መውሰድ። መሐንዲሱ ቢቻል 5 ሜትር ይሁን ብሎ ተስማማ። አጥሩም መሠረት እንዳለው እንዳልረሳ አስጠነቀቀኝ። ይህን በወቅቱ ባይነግረኝ ኩሬዬን አጥር ሥር ነበር የምሠራው።

14ኛዋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ሜሪላንድም ሸክላ አፈር ነው፤ አዲስ ሰፈር ሲሠራ የላዩን አፈር ገፍፈው በማሽን ጠቅጥቀው ቀጭን አፈርና ሣር ያለብሱበታል። እሷ የምትኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የዝናብ ውሃን ግቢው ውስጥ ለሚያስቀር ሰው ከወጪው የተወሰነውን ይመልሳል። ጎድጎድ ያለ የዝናብ መደብ ሠርታ የዚያን አገር ተክሎች ተክላበታለች። ከመቆፈሯ በፊት 811 ደውላ የተቀበሩ መስመሮችን አስመልክታለች። ውሃው መደቡ ላይ ብዙ ቀን ከቆመ ትንኝ ያራባል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ተጠጥቶ ካለቀ ግን የትንኙ እጭ ለማደግ ጊዜ አያገኝም። እዚያ ሆና ጤና አዳም በማሰሮ እንደምታበቅል፣ ክረምቱን ሳሎን ውስጥ እንደምታሳልፈው ጻፈች። አራት ሰው ስለ ጤና አዳሙ ጠየቃት።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ከ15ኛው እስከ 19ኛው ስለ ዝናብ መደቡ ምን ይተከል ተብሎ ተጀምሮ ሌላ ቦታ ደረሰ። አንዷ ቄጤማ አለች። ቄጤማ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢቆም ደስ ይለዋል። እንግጫም እንደዚሁ። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ከዚያ ግን ለበዓል ዋዜማ የሚሸጠው ቄጤማ ዋጋ፣ ድሮ ከየሜዳው በነጻ ይታጨድ እንደነበር፣ ሰው በፕላስቲክ ቄጤማ ቡና ማፍላት መጀመሩ፣ ይህ ሁሉ ተወራ። 17ኛው የደረቀውን ወይራ እንዳልጥለው ነገረኝ፤ ቁራጩ ለእንስራ ማጠኛ ይሆናል። 18ኛው ግን ከመንገድ ወጥቶም ጠቃሚ ነገር ተናገረ። ከችግኝ ጣቢያ የአበሻ ጽድ ብለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው። የፈረንጁ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ጃካራንዳን የአገር ዛፍ አድርጎ የዘረዘረ ሌላ ሰውም ነበር። ያም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። የእኔን ጽድ ሄጄ አየሁት። የፈረንጅ ነው።

20ኛው የአያቱን ዘዴ አመጣ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አፈሩን ከኩበት ጋር ከምረው ያጤሱት ነበር። ከዚያ በኋላ ገብሱ ያማረ ይሆናል። ጋሼ ይህንን በአክብሮት ነው የመለሱት። ሲቃጠል ሸክላው ወደ ጠጠርነት ስለሚያደላ አፈሩ ይላላል፤ ለአንድ ሁለት ዓመትም ምርት ይሰጣል። ግን አፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽና ሕይወት አብሮ ይነዳል። ከዚያ መሬቱን ለዓመታት ማሳረፍ ግድ ነው። ለግቢ አይሆንም።

22ኛው በሞተር የሚሠራ ማረሻ ማሽን ተከራይቼ ግቢውን በአንድ ቀን እንድፈጨው መከረኝ። ይህን በጣም ፈልጌው ነበር። ልክደው አልፈልግም። ቶሎ መጨረስ ነበር ፍላጎቴ። 3ኛዋና ጋሼ አንድ ላይ ተነሡብኝ። እርጥብ ሸክላ አፈር ሲታረስ ይላቆጣል፤ ሲደርቅ ጓል ይሆናል። ማሽኑ የሚደርስበት ጥልቀት ላይ ደግሞ የተለሰነ ንጣፍ ይተዋል። ማረሻ ለዘመናት አንድ ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥር የሚፈጥረው ደረቅ ንጣፍ ዓይነት ማለት ነው። ጋሼ ቀላል ፈተና ሰጡኝ። ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ውሰጂ። በመዳፍሽ መሀል እንደ ጧፍ አድበልብዪው። ጧፍ ከሆነልሽ ገና እርጥብ ነው፣ አትንኪው። ሲድበለበል ከፈረሰ ጊዜው ነው። ጥቁር አፈር ለሥራ የሚመችበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ጭቃ፣ ነገ ድንጋይ።

መስከረምን ሙሉ በየሁለት ቀኑ አፈር አድበለበልኩ። ጧፍ። ጧፍ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጫፉ መሰንጠቅ ጀመረ። በጥቅምት መጨረሻ ፈረሰ። በማግስቱ አንድ የቀን ሠራተኛ ይዤ ድጅኖ ጨበጥን።

25ኛው መልስ ላይ ያገኘነውን ጻፍኩ። ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ተገዝቶ የተበተነ ቀይ አፈር አለ። ከሥሩ ድጅኖው ጠንግ አለ። አራት ጣት የሚወፍር የደረቀ የሲሚንቶ ልጥፍ ነው። ግንበኞቹ ማቡኪያቸውን ያጠቡበት፣ የተረፋቸውን የደፉበት። ከእሱ ሥር ገረጋንቲ፣ የተሰባበረ ብሎኬት፣ ሚስማር፣ የሲሚንቶ ከረጢት። ከዚያ በታች ጥቁሩ አፈር እንደ ሰሌዳ ተነባብሮ ተጨፍልቋል። ቤቱን ሠርቶ ያስረከበን ሰው ቀይ አፈር አልብሶ ግቢው ለተክል ዝግጁ ነው ብሎን ነበር። በዚህ አሁንም አዝኛለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ችግኝ የተከልኩት ሲሚንቶ ላይ ነው። ልጥፉን ስናወጣ 23 ካሪዮላ ሆነ።

ቀጥሎ ያደረግነው በክሩ የተስማማንበትን ነው። አፈሩን አልገለበጥነውም። በድጅኖ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ቀዳዳ እየሠራን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ 60 ሳንቲ ሜትር እያራራቅን፣ በበሰለ ብስባሽና በደረቅ ፍግ ሞላነው። ድጅኖውን ከማውጣታችን በፊት ወዲያ ወዲህ እንወዘውዘዋለን። አፈሩ ከታች ጠቅ ጠቅ እያለ ሲሰነጠቅ ድምፁ ይሰማል። ደስ የሚል ድምፅ ነው። 90 ቀዳዳ በሦስት ቀን። ለሚተከሉት ዛፎች 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሠራን። በላዩ ላይ ሁሉ የጤፍ ገለባና የረገፈ ቅጠል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎዘጎዝን። ከግንድ አንድ ስንዝር አራቅነው፤ ግንድ ላይ ከተከመረ ያበሰብሳል። ከቤቱም ከአጥሩም 5 ሜትር ርቆ ጎድጎድ ያለ መደብ ቆፍረን የአሸንዳውን ቱቦ ወደዚያ ወሰድነው። ሲሞላ ትርፉ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። መረማመጃ ድንጋይ አደረግን። ከእሱ ውጪ ማንም እንዳይረግጥ ልጆቹን ለመንኩ።

26ኛው ለምን ባሕር ዛፍ ተክዬ ውሃውን እንደማላስመጥጠው ጠየቀ። ከእሱ ጋር የነበረው ክርክር እስከ 29ኛው ሄደ። አብዛኛውን አላነሣውም። ሥሩ ለመሠረት፣ ጥላው ለሌላው ተክል አይሆንም፤ ጥቁር አፈርን ይበልጥ ሲያደርቀው ደግሞ ስንጥቁ ይብሳል። አገሩም አውስትራሊያ ነው፣ በምኒልክ ዘመን የመጣ። ከዚህ ክርክር ያተረፍኩት 28ኛው ላይ ጋሼ የጻፉትን ነው። ሥር አፈር እንዲከፍት ከተፈለገ ቶሎ የሚያድግና እርጥበት የሚችል የአገር ተክል ይቅደም አሉ። ሰስባኒያ የሚባለው ቁጥቋጦና ማገጥ። ማገጥ ደጋው ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱን እየረጠበ የሚያድር የአገር ተክል ነው፤ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣል። ሰስባኒያው ቁመቱ ሲደርስ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፣ ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል። የበሰበሰው ሥር የተወው ቀዳዳ የውሃ መንገድ ይሆናል። የዛፎቹ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። ኮሶን ግን ከናካቴው እንድተወው መከሩኝ። ኮሶ ከፍ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለና ውሃ የማይቋጥር ቦታ ይወዳል። ወደ እንጦጦ ተራራ ቢሆን ይሻለዋል። ይህ ከበደኝ። ኮሶን የተከልኩት እናቴ ስለምትወደው ነው። ችግኙን ቆፍሬ ሽሮ ሜዳ ለምትኖር አክስቴ ወሰድኩላት። ቀይ አፈር ላይ ናት።

ከኅዳር በኋላ ክሩ ዝም አለ። ሐምሌ ላይ 30ኛውን ጻፍኩ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ከፊት ያለው መሬት ላይ የቆመ ውሃ አልነበረም። በቀድሞው ቦታ አጠገብ እንደገና ለካሁ። በሰዓት 1.6 ሳንቲ ሜትር። ገና 2.5 አልደረሰም፤ ግን 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ፌሮው 31 ሳንቲ ሜትር ገባ። ጉዝጓዙን ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ አፈሩ ፍርፍር ነው፣ የምድር ትል አለበት። ባለፈው ዓመት አንድም አላየሁም። ቄጤማው ጉልበቴ ደርሷል። ከሁለቱ ወይራ አንዱ ሞተ። ሌላውን ጥቅምት ላይ ወደ ጉብታው አዛውሬው ነበር፤ አሁን አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

31ኛዋ፣ የወንዝ ዳሯ፣ እልልታ ጻፈችልኝ። 32ኛው ገለባው አይጥ እንደማያመጣ ጠየቀ፤ እስካሁን አላየሁም። 33ኛው የኢነዋሪው ልጅ ነው። በመደቡ ዳር ዳር ሽምብራ በመስከረም ልዝራበት ወይ ብዬው ነበር። ዝሪ አለኝ፤ እሸቱን ደግሞ እንዳልረሳው።

34ኛው መሐንዲሱ ነው። ለቁጥሮቹ ደስ እንዳለው ጻፈና አጥሬ ላይ ያለችውን የፀጉር ያህል ስንጥቅ ጠየቀኝ። ኅዳር ላይ በእሱ ምክር ስንጥቋን አቋርጬ በእርሳስ አስምሬባት፣ ቀኑንና ስፋቷን ጽፌባት ነበር። ሄጄ ለካኋት። 1 ሚሊ ሜትር ነበረች፣ 1 ሚሊ ሜትር ናት። ክረምት ላይ መለካት እንደማይበቃ፣ አፈሩ ሲኮማተር ግንቦት ላይ ሳይዘንብ በፊት እንደገና እንዳያት ነገረኝ። እርሳሱን በረንዳው ላይ ትቼዋለሁ። የግንቦቱን ቁጥር 35ኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ።